የወተት ጥርስና የቤት ሰላም

በአዲስ አበባው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚያለቅስ ልጅ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛውን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጠዋት ደረጃ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሳይጠያየቁ መተላለፍ ነውር ነው። «ማታ ልጁ ምን ሆኖ ነው?» «ጥርሱን ነው እትዬ፤ ሲያመው አደረ።» «ውይ በሞትኩት! ግን የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል፤ አይዞሽ።»

ማጽናኛው ከልብ ነው። ሐሰትም አይደለም፤ የወተት ጥርስ ይወድቃል። ነገር ግን መቼ እንደሚወድቅና እስኪወድቅ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይናገርም። የፊት ጥርሶች መነቃነቅ የሚጀምሩት ስድስት ዓመት ግድም ነው። የኋላኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን ልጁ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ከቦታቸው አይነሱም። የአራት ዓመት ልጅ መንጋጋው ቢቦረቦር «ይወድቃል» ማለት ቢያንስ አምስት ዓመት ጠብቂ ማለት ነው። በታመመ ጥርስ አምስት ዓመት መቆየት አዋቂም አይችለውም።

በሕክምናው ዓለምም ቢሆን የልጅ ጥርስ ሕመም ለረዥም ጊዜ የተለካው በቆጠራ ነበር፤ ስንት ጥርስ ተቦረቦረ፣ ስንቱ ተነቀለ፣ ስንቱ ተሞላ። ቆጠራው ሌሊቱን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዚህ የተለየ መጠይቅ ይዘው መጡ። ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን የሚጠየቀው ወላጅ ነው። 13 ጥያቄዎች አሉት። ዘጠኙ ስለ ልጁ ናቸው፤ ያመዋል ወይ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ መጠጣት ይቸግረዋል ወይ፣ መብላትስ፣ ቃላት ማውጣትስ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ይቀራል ወይ፣ እንቅልፍ ይነሳዋል ወይ፣ ይነጫነጫል ወይ፣ ከመሳቅና ከመናገር ይቆጠባል ወይ። የቀሩት አራቱ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቃሉ። ተጨንቃችኋል? ራሳችሁን ጥፋተኛ አድርጋችኋል? ከሥራ ቀርታችኋል? ኪሳችሁ ተጎድቷል? ይህ መጠይቅ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ቋንቋዎች ተተርጉሞ አገልግሏል። ከሕዝብ ጤና መሣሪያዎች ሁሉ ለቤት ኑሮ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ይመስለኛል። ምክንያቱም የጎተራ እናት ደረጃ ላይ ቆማ ከምታወራው አንድም የተለየ ነገር አልጠየቀም።

እስቲ ጥያቄዎቹን ይዘን ወደ ቤት እንግባ። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው፤ አራት አምስት ሰው ያድርበታል። የተቦረቦረ ጥርስ ቀን ላይ ጨዋታ ያስረሳዋል፤ ሌሊት ልጁ ጋደም ሲል ግን ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚበዛ ውስጡ የተቆጣው ጥርስ ይጠዘጥዛል። ልጁ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። እናት ሞባይሏን አብርታ አፉን ታያለች። ጨው በለብ ያለ ውሃ ታጉመጠምጠዋለች፤ ሦስት ዓመት ካልሞላው መትፋቱን ስለማያውቅ ይውጠዋል። አያት ካሉ ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይቀጠቅጣሉ፤ አንዳንድ ቤት ጥጥ በአረቄ ይነከራል። ቅርንፉዱም ነጭ ሽንኩርቱም የሕፃን ድድ ያቃጥላል፤ አረቄ ደግሞ ለሕፃን መርዝ ነው። በክብደቱ ልክ የተሰጠ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን እስኪነጋ ያሳድራል እንጂ ጥርሱን አያድንም። ጠዋት ፋርማሲ ይኬዳል። ብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጠው አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሕመሙ ሲበርድ ይቆማል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ ወር ሳይሞላ ሌሊቱ ይደገማል።

ምግቡ ላይ የሚሆነው ደግሞ ከእንቅልፉ የባሰ ሥውር ነው። አንድ ወገን ብቻ የሚያላምጥ ልጅ ሥጋ ይተዋል፣ ቆሎ ይተዋል፣ የዳቦ ቅርፊት ይተዋል። በርበሬ ያለበት ወጥ ጥርሱ ውስጥ ሲገባበት እንጀራውን ገፍቶ ይነሳል። ቤተሰቡ የሚያየው «ምግብ እምቢ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ቫይታሚን ይገዛለታል፣ አንዳንዴም ቡዳ ይጠረጠራል። ከዚያ የሚበላለት ነገር ይፈለጋል። የሚገኘው ሻይ ውስጥ የራሰ ብስኩት፣ ስኳር የበዛበት አጥሚት፣ ኩኪስ፣ የታሸገ ጁስ ነው። ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ጣፋጭ ነው። የመጀመሪያውን ጥርስ የበላው ነገር እንደ ማባበያ ተመልሶ ይመጣና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይበላል። ጥርሳቸው በጣም ተጎድቶ የነበረ ሕፃናት ከታከሙ በኋላ ክብደት እንደጨመሩ ያሳዩ ጥናቶች በውጭ አገር አሉ፤ ልጁ መብላት አልጠላም፤ ማኘክ ነው የጠላው።

ሥራን በተመለከተ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ደመወዝተኛ ወላጅ አለቃውን አስፈቅዶ ይቀራል። ጉሊት የምትቸረችር፣ በቀን ሥራ የምትውል ወይም ሰው ቤት የምታጥብ እናት ግን ለቀረችበት ቀን የሚከፍላት የለም። የጥርስ ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ሄዳ ወረፋ ለመያዝ በጠዋት መነሳት አለባት፤ ሌላውን ልጅ የምትተውለት ሰው መፈለግም አለባት። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በ2017 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ቤት ብቻ አይደለም የቀየሩት፤ «እስክመለስ ልጄን እይልኝ» የሚባባሉትን ጎረቤትም ጭምር እንጂ።

ከሁሉም ግን ቤት ውስጥ የማይነገረው ጥፋተኝነቱ ነው። ጥርሱን ማን አበላሸው? ከረሜላውን በኪሳቸው ይዘው የሚመጡት አያት ናቸው? ልጁ ዝም እንዲልላት ጡጦ አፉ ላይ ሰክታ የምታስተኛው ሞግዚት ናት? ማታ ሲገባ «ባዶ እጄን እንዴት ልግባ» ብሎ ጁስ የሚይዘው አባት ነው? ክሱ ሲዞር ሲዞር እናት ላይ ያርፋል። ይህ ግን የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። እኛ አገር ፍቅር ለልጅ የሚገለጸው በስኳር ነው። ጠያቂ ብስኩት ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ ዝርዝር ሲያጣ መልሱን በማስቲካ ይሰጣል፤ ልደትና ክርስትና ላይ ለስላሳ ያልቀረበለት ልጅ እንደተበደለ ይቆጠራል። አያትን መውቀስ ይቀላል፤ ልማዱን መቀየር ነው ከባዱ።

አሁን ጥርሱ እንዴት እንደሚበላ እንይ። «ትል በላው» የሚለው አባባል ዛሬም አለ፤ ትል ግን የለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ስኳሩ ሲያልቅ ምራቅ ቀስ በቀስ አሲዱን ያጥባል፤ የሟሟውንም በከፊል ይመልሳል። እንግዲህ ወሳኙ ስኳር ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ ገባ የሚለው ነው፤ መጠኑ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። አራት ከረሜላ አንድ ላይ ከምሳ ጋር የበላ ልጅ ጥርሱ ከአንድ ጥቃት ያገግማል። እነዚያኑ አራት ከረሜላዎች በየሰዓቱ አንድ አንድ የላሰ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይውላል። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳር ያለበት ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ሕፃን የባሰ ይጎዳል። ጡጦ የሚጎዳው ደግሞ በሚታወቅ ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች፣ ቀጥሎ መንጋጋዎቹ። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስና ምራቅ ይጋርዷቸዋል።

የእናት ጡት እዚህ ክስ ውስጥ መግባት የለበትም። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። ጥርስ ካወጣ በኋላ ጠዋትና ማታ ማጽዳት እንጂ ጡት ማስጣል መፍትሔ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ከሚያስፈልገው የቀን ጉልበት ከስኳር የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ለሦስት ዓመት ልጅ ሲሰላ ጣሪያው በቀን 30 ግራም ገደማ ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ብቻውን ይህን ጣሪያ ይሞላዋል።

የመጀመሪያው ምልክት ቀዳዳ አይደለም። የልጁን ራስ ጭናችሁ ላይ አስተኝታችሁ በመስኮት ብርሃን የላይኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣት ወደ ላይ ገለጥ ብታደርጉ ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ልታዩ ትችላላችሁ። ወተት የተጣበቀ ይመስላል፤ በጨርቅ ቢያሹት ግን አይለቅም። ያ ማዕድኑ መሟሟት የጀመረ ጥርስ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ሳይቆፈርና ሳይነቀል መልሶ ሊጠነክር ይችላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ጫፉ ይሸረፋል። ልጁ ሕመሙን የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወላጅ «በድንገት ታመመ» የሚለው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሙሉ ሲታመም የቆየ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ አንድ ጥርስ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይነቀል ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። የዕድሜ ልክ መንጋጋ ነው። ከእሱ በኋላ ምትክ የለም። እሱም ሲቦረቦር «ይወድቃል» ተብሎ የታለፈባቸው ስንት ልጆች አሉ!

ይህ ሁሉ በእኛ አገር የጥንት ችግር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ጥናት ቡድን በኢትዮጵያ ባካሄደው ዳሰሳ ጥርስም ተመርምሮ ነበር፤ የተቦረቦረ ጥርስ ከሌላው ዓለም አንጻር ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ጤፍና ሽምብራ የሚበላ፣ ስኳር በበዓል ካልሆነ የማያይ ሕዝብ ነበር። በዚያው ዘመን በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስኳር ከቅንጦት ወደ ቀለብ ወረደ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ በየደጁ ተሸጠ። ስሙን ከእህል ማከማቻዎቹ ያገኘው ጎተራ ዛሬ በየሕንፃው ምድር ቤት ሱቅ አለው፤ የሱቁ መደርደሪያ በሕፃን ዓይን ከፍታ ላይ የያዘው ከረሜላና ብስኩት ነው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምጸት ልጨምር። በዚያው በወንጂ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የብዙ ሠራተኞችና ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኗል፤ የአጥንት ጉዳትም አድርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከጥርስ ሳሙና የሚገኘው ትንሽ ፍሎራይድ ግን ጥርስን ያጠነክራል። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆን ወሬ ሰምቶ አዲስ አበባ ላይ ፍሎራይድ መፍራት ተገቢ አይደለም፤ የከተማዋ ውሃ የወንጂ ጉድጓድ ውሃ አይደለም።

ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል 21.8 በመቶ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመው በጎንደር ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች 36.3 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የፍኖተ ሰላም ጥናት ደግሞ 48.5 በመቶ የጥርስ መቦርቦር አግኝተዋል። ጥናቶቹ የተለያዩ ልጆችን የመረመሩ ስለሆኑ እየጨመረ መጣ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ግን ከአምስት አንድ ይሁን ከሁለት አንድ፣ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ብዙ አግዳሚ ወንበር ይሞላል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ልጆችን 514 ሚሊዮን አድርሷቸዋል።

በእኛ አገር የሕፃን ጥርስ ጉዳይ ሲነሳ ከስኳሩ የቀደመ ሌላ ታሪክ አለ። ግግ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ወር ያለ ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ድዱ ይታያል። ወደፊት ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ አበጥ ብሎ ነጣ ካለ «ግግ አለበት» ይባላል። ከዚያ ልምድ አለው የተባለ ሰው በስለት ወይም በመርፌ ድዱን ፈልቅቆ ገና ያልጠነከረውን የጥርስ እንቡጥ ያወጣዋል፤ የወጣው ለስላሳ ነገር ትል ይመስላልና «ይኸው» ተብሎ ይታያል። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ያልተቀቀለው መሣሪያ መንጋጋ ቆልፍም ኤች.አይ.ቪም ሊያስተላልፍ ይችላል። ከሥር የተቀመጠው የቋሚ ክራንቻ ጽንስም ይበላሻል። ተቅማጡ ግን ጥርስ አላመጣውም፤ በዚያ ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከትና ተጨማሪ ምግብ ስለሚጀምር የመጣ ነው። መድኃኒቱም ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ሲዘረዝር እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቷል። ልማዱ ድንበርም ተሻግሯል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ክራንቻቸው የጎደለና አጠገቡ ያለው ጥርስ የተበላሸ ሕፃናት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሙያ መጽሔቶች ጽፈዋል።

ግግንና «ይወድቃል»ን አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይወጣል። ስድስት ወር ላይ በሽታ በሌለበት ጥርስ ላይ በሽታ እናያለን፤ አራት ዓመት ላይ በሽታ ያለበትን ጥርስ ጤነኛ እንላለን። ሁለቱም ጊዜ የሕፃኑን አፍ ያየው ባለሙያ አይደለም። ይህ የቤተሰብ ድንቁርና አይደለም፤ የጤና ሥርዓቱ የሕፃን አፍ የሚያይበት ቀን አልቀጠረም።

የቀጠሮው እጥረት ደግሞ ከላይ ነው የሚጀምረው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ዕቅድ ሁሉም ቦታ አግኝተዋል። ጥርስ ራሱን ችሎ አልገባም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል፤ ሌላውን ሕክምና ቢሸፍንም እንኳ አገልግሎቱ በጤና ጣቢያው ከሌለ ካርዱ ለጥርስ ብዙ አይረዳም። በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ የሕፃናት ጥርስ ስፔሻሊስት ግን ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የጎተራ ቤተሰብ ከጎንደር ገጠር ካለው ቤተሰብ ይሻላል። ቢሆንም መንገዱ ሁለት ነው፤ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ፣ ወይም ዋጋው ብዙውን ቤት የሚያስደነግጥ የግል ክሊኒክ። ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ ደግሞ በሁለቱም ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ነቀላ ነው። መንጋጋ ያለ ጊዜው ሲነቀል የጎኑ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይንሸራተታሉ፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣና ተደራርቦ ይወጣል። ልጁ ደግሞ የጥርስ ወንበርን ከመርፌና ከመንቀያ ጋር አያይዞ ያድጋል፤ ትልቅ ሲሆንም እስኪብስበት ድረስ አይሄድም።

ርካሽ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ አሠራር አለ፤ የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ይጠረግና ጥርሱ ላይ የሚጣበቅ፣ ፍሎራይድ የሚለቅ ሙሊት ይደረጋል። መብራት አያስፈልገውም፣ የሚጮህ መሰርሰሪያ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ መርፌም አይጠይቅም። ሌላው ሲልቨር ዳይሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ነው፤ ቀዳዳው ላይ በጠብታ ሲቀባ መበስበሱን ያቆማል። ጉዳቱ የተቀባውን ቦታ ማጥቆሩ ነው፤ ለፊት ጥርስ ወላጅ ሊያቅማማ ይችላል፣ ለመንጋጋ ግን ማን ያየዋል? የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ፈሳሽ፣ ያንን ሙሊትና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሁለቱንም ሕክምናዎች የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሰጣቸው ይችላል።

ሀብት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ እንግሊዝ ምስክር ናት፤ እዚያ ትንንሽ ተማሪዎችን ሆስፒታል ከሚያስተኙ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ የበሰበሰ ጥርስ ማስነቀል ነው። ጎረቤቷ ስኮትላንድ በመዋዕለ ሕፃናት በየቀኑ ልጆቹን በአንድነት በአስተማሪ ፊት ማስቦረሽ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2003 አንደኛ ክፍል ከገቡ ልጆች ጥርሱ ያልተጎዳው 45 በመቶ ነበር፤ በ2020 ከ70 በመቶ በላይ ሆኗል። ያደረጉት ነገር ብሩሽ፣ ሳሙናና አስተማሪ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ይህን ያህል ቀላል ነው። ሁላችንም «ኮልጌት» የምንለው ሳሙና የየትኛውም ድርጅት ይሁን፣ ጀርባው ላይ ፍሎራይድ 1000 ፒፒኤም ወይም ከዚያ በላይ መኖሩን ማየት ነው። ዕፅዋት ብቻ ያለባቸው አንዳንዶቹ ፍሎራይድ የላቸውም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ጠዋትና ከመኝታ በፊት ይቦረሻል፤ ከማታው በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም። ልጁ ብሩሹን ቢይዝም እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ የሚያጸዳው የወላጅ እጅ ነው። የወይራ መፋቂያ ለአዋቂ መልካም ልማድ ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን መንጋጋ ግን አይደርስም። ጣፋጩን ጨርሶ መከልከል የማይቻል ከሆነ ከምግብ ሰዓት ጋር ማያያዝ ይቻላል። አያትንም ከከረሜላ ወደ ሙዝና ብርቱካን ማምጣት ያስቸግራል እንጂ አይሳንም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የልጁ ጉንጭ ወይም አገጩ ሥር ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ ዓይኑ እስኪጨፈን እብጠቱ ከወጣ፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው መግሉ እየተሰራጨ ነው። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ፋርማሲ አይደለም።

የከተማው አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ላይ መሥራት ጀምሯል፤ ቤት ለቤት ወላጆችን የሚያማክሩ ባለሙያዎችም አሉት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ይመገባሉ። ሕፃናት በ9 ወራቸውና በ1 ዓመት ከ3 ወራቸው ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይወስዳሉ። ልጁ ቫይታሚኑን ሊውጥ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ነርሷ በዚያች ቅጽበት ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ብታየውና ነጭ መስመር ካገኘች ለእናቱ ብትነግራት አዲስ በጀትም አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። ከምሳ በኋላ በቅድመ አንደኛ ክፍሎች ልጆቹን ማስቦረሽም የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ተነጋግረው በአንድ ትምህርት ቤት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው። ጥያቄው ለእነሱ ነው።

ለወላጅ ደግሞ ይህን ልበል። የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት የመጀመሪያ ምርመራ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ወይም የመጀመሪያ ጥርሱ በወጣ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ልጅዎ ከዚያ ዕድሜ ካለፈና አፉን እስካሁን ባለሙያ ካላየው፣ ሳያመው ይውሰዱት።